የተማም ሦስት መዶሻዎች

መቶ አለቃ በሺር ከሐረር ወደ ድሬ ተመልሶ መጋላ ሠፈር ሲደርስ ጀናዛው ታጥቦ፣ ከፈን ለብሶ፣ ሊወጣ ተቃርቦ ነበር። የተገደለ ሰው ነው። ሐኪም አላየውም፤ መርማሪ አልነካውም። እንዲታጠብ የፈቀደው ደግሞ የበሺር የራሱ ፖሊስ ጣቢያ ነው። በሺር ጥርሱን ነክሶ ወደ ሽማግሌዎቹ ቀረበና ራሱን ብቻ ለአፍታ እንዲገልጡለት ለመናቸው። ጉርምርምታ ተነሳ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው አንድ ሽማግሌ፣ ቆቡንም ኮከቡንም ሳይፈራ፣ ከመቼ ወዲህ ነው የሙስሊም ልጅ ጀናዛ የሚያስቆመው ሲል አፋጠጠው።

«ገዳዩን ሳላውቅ ብሸኘው ነው የምበድለው» አለ በሺር። ገለጡለት።

ቁስሉ ከቀኝ ጆሮው ኋላ ነው። ክብ፣ የሻይ ብርጭቆ ቂጥ የሚያህል፣ ጠልቆ የገባ፤ ከዳሩ እንደ ሸረሪት እግር የቀጠኑ ስንጥቆች ወጥተዋል። የቀረው ራስ ደህና ነበር። በሺር አውራ ጣቱን አስጠግቶ ስፋቱን ለካ፤ ከፈኑንም በገዛ እጁ መለሰ።

ሟቹ ተማም ይባላል። ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ዳር፣ ቆርቆሮ በለበሰ ሥራ ቤት ውስጥ የካሚዮን ባሌስትራ ሲቀጠቅጥ የኖረ አንጥረኛ ነው። ከጅጅጋ የሚመጣ ሾፌር ባሌስትራው ሲሰበርበት «ተማም ጋ» ይላል እንጂ አድራሻ አይጠይቅም ነበር።

ሃምሳ አለቃ ሙመድ ሥራ ቤቱ በር ላይ ደረቱን ነፍቶ ጠበቀው። ነገሩ አልቋል አለ። ተማም በወደቀበት፣ ብረት ከሚቀጠቀጥበት መስፍ አጠገብ፣ በሁለት እጅ የሚነሳው ትልቁ መዶሻ፣ ማርቴሎው፣ ተጋድሟል፤ መምቻ ግንባሩ በደረቀ ደምና በፀጉር ተለብጧል። ማርቴሎ መቺው ጃማዕ የሚባል ቁመተ ረጅም የሶማሌ ልጅ ነው። ጠዋት ከዚህ ቤት እየሮጠ ሲወጣ ግማሽ ገበያ አይቶታል። ትናንት ደግሞ ከተማም ጋር ሲጯጯህ ተሰምቷል። አሁን ጣቢያ ነው።

«አምኗል?» አለ በሺር።

«ያምናል» አለ ሙመድ። «ጀምረንለታል።»

በሺር አፉን ቢከፍት የማይመለስ ነገር ሊናገር ሆነ፤ ስለዚህ ጎንበስ ብሎ ማርቴሎውን አነሳ። ብረቱ እጀታው ላይ ቅጭ ብሎ ተነቃነቀ። ደሙ ከግንባሩ አልፎ፣ እንጨቱ ብረቱ ውስጥ እስከሚገባበት ቀዳዳ ድረስ ዘልቋል። ከምድጃው ጎን የጋለ ብረት የሚቀዘቅዝበት፣ ከወገቡ የተቆረጠ በርሜል አለ፤ ውሃው ውስጥ ሁለት መዶሻዎች፣ አንድ ትንሽና አንድ መካከለኛ፣ ራሳቸውን ዘቅዝቀው ቆመዋል። አወጣቸው። እነዚህስ ቅንጣት አይነቃነቁም። ሦስቱንም በጆንያ ጠቅልሎ አስያዘ።

ከመንገዱ ማዶ ሻይ የምትሸጠው ቢሻሮ ድሬ ተወልዳ ድሬ ያረጀች ናትና ለማንም አንቱታ አታውቅም።

«ቁጭ በል አቦ» አለችው። «ቆመህ ስትጠይቀኝ የታሰርኩ ይመስለኛል።»

የነገረችው ብዙ አልነበረም። ትናንት ቀትር ላይ ተማምና ጃማዕ ተጯጩኸዋል፤ የካሚዮን ሞተር ስለተነሳ ቃሉን አልሰማችውም። ከዚያ ጃማዕ የተጠገነ ባሌስትራ ጭኖ በዚያ በሚያልፈው ካሚዮን ተሳፍሮ ሄደ። ሥራ ቤቱ ማታ ሲዘጋ አላየችም፤ ቀደም ብላ ዕቃዋን ሰብስባለች።

«ጃማዕ ገደለው ትያለሽ?»

«ዋሪያ፣ እኔ ሻይ ነው የምሸጠው። ጃማዕ ሲናደድ ይጮሃል፤ ሲጮህ ይወጣለታል። እኔ የምፈራው የማይጮኸውን ነው።»

የማይጮኸው ማን እንደሆነ ቢጠይቃት ብርጭቆዋን ማጠብ ቀጠለች።

ተማም ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አብሮት የሚኖረው የወንድሙ ልጅ ሰማታር ብቻ ነው። ያሳደገውም፣ ሙያውን ያስተማረውም እሱ ነው። በሺር ለቅሶው ላይ አገኘው፤ ቀጭን፣ አንገቱን ደፍቶ የሚናገር ሰው ነው። ትናንት መግሪብ ሲቃረብ ሥራ አቆሙ አለ። ዕቃውን በየቦታው መለሰ፣ አጎቱ በሩን ቆለፈ፣ አብረው ቤት ገብተው እራት በሉ። ጎሕ ሲቀድ፣ ሱብሒ ላይ፣ አጎቱ ሰገደና ምድጃ ሊያቀጣጥል ቀድሞት ሄደ። ልማዱ ነው። ሰማታር ተኝቶ ቀረ፤ የቀሰቀሰው መርዶ ነው።

ታዲያ ነገሩ ሁሉ እዚህ ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ተማም ሱብሒ ላይ በሕይወት ከነበረ የተገደለው ጠዋት ነው። ጠዋት እዚያ የነበረ የታወቀ ሰው ደግሞ ጃማዕ ብቻ ነው።

ጃማዕ በጣቢያው እስር ክፍል መሬት ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር። ውስጥ እግሩ አብጦ ተልጧል። በሺር በሶማልኛ ሰላም ሲለው ቀና ብሎ አየው፤ ዓይኑ ውስጥ ፍርሃት አልነበረም፤ ንዴት ነበር።

ሌሊቱን መልካ ጀብዱ እንዳደረ ተናገረ። የሾፌሩ የሹክሪ ካሚዮን እዚያ ተበላሽቶ ቆሞ ስለነበር ባሌስትራውን ሊገጥምለት ሄዶ፣ ሲመሽበት ካሚዮኑ ሥር ተኛ። ጠዋት ሹክሪ ሥራ ቤቱ በር ላይ አወረደው። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ገባ፣ አየ፣ ሮጠ።

«ለምን ሮጥክ?»

«ሰው ልጠራ። ቆሜ ብጠብቅ ኖሮ ሻይ ትጋብዙኝ ነበር?»

«ከተማም ጋር ያጨቃጨቃችሁስ?»

ጃማዕ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። «የቤተሰብ ነገር ነው። ለቅሶ ላይ ያለ ሰው አለበት። አልናገርም።»

በሺር ሹክሪን ሲፈልግ ሌላ ወሬ አገኘ፤ ባለፈው ሳምንት ሹክሪ፣ የተጠገነለት ባሌስትራ ደንገጎ ዳገት ላይ ተሰብሮበት፣ ተማምን ራስህን እሰብረዋለሁ ብሎት ነበር። በሺር ጥቂት ተስፋ አደረገ። ሹክሪን ከትሬንታ ኳትሮ ካሚዮኑ ሥር በእግሩ ስቦ ባወጣው ጊዜ ግን ሰውዬው በቅባት ፊቱ ሳቀበት። በድሬ ራስህን እሰብረዋለሁ ያላለው አንጥረኛ እንደሌለ፣ ተማም ደግሞ ሁለተኛውን ባሌስትራ በነፃ እንደሠራለት ነገረው። መልካ ጀብዱ ላይ የሻይ ቤቱ ባለቤትና ሁለት ነጋዴዎች ቃላቸውን ሰጡ፤ ሹክሪም ጃማዕም ከቀትር በኋላ ጀምሮ እስኪነጋ ከዓይናቸው አልራቁም። በሺር ተስፋውን ጥሎ ሌላ ነገር ይዞ ተመለሰ፤ ጃማዕ የሌሊቱ ነገር ተመስክሮለታል፤ ለጠዋቱ ግን ምስክር የለውም።

ሻለቃው ከግርማዊነታቸው ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጦ ሰማውና ጠረጴዛውን በጣቱ መታ።

«ትልቅ ጉዳት፣ ትልቅ መዶሻ፣ ትልቅ ሰው። ይሄ ምርመራ አይደለም መቶ አለቃ፣ ሒሳብ ነው።»

«ቁስሉ ትልቅ አይደለም ጌታዬ።»

«የሞተበት ሰው ትልቅ ነው ይላል።» ሻለቃው መዝገቡን ከደነ። «ልጁ ከነገ ወዲያ ሐረር ፍርድ ቤት ይሄዳል።»

ሐረር ከሄደ የሚጠብቀው ገመድ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። በሺር ሰላምታ ሰጥቶ ወጣ። ሒሳብ ከሆነማ፣ አለ በልቡ፣ እስቲ እናስላው።

በማግስቱ ጠዋት ከቄራ የፍየል ራሶች አስመጣ። በጣቢያው ጓሮ አሸዋ የሞላ ጆንያ አንጥፎ አንዱን ራስ አስቀመጠበት፤ ሃምሳ አለቃ ሙመድን ጠርቶ ትንሹን መዶሻ አስያዘው። የሚመታው አንድ ሰው፣ የሚነሳበትም ከፍታ አንድ፣ ትከሻ ድረስ እንዲሆን አዘዘ። ሙመድ የፍየል ራስ እንዲመታ መታዘዙን እንደ ስድብ ቆጥሮት ፊቱን አጨፈገገ፤ ግን መታ።

ትንሹ መዶሻ አጥንቱን አጎደጎደ እንጂ አልበሳውም። በሺር የፍየሉን ራስ ቀይሮ መካከለኛውን ሰጠው። በአንድ ምት ክብ ቀዳዳ ገባ፤ ከዳሩ ቀጫጭን ስንጥቆች ወጡ። በሺር ተንበርክኮ አውራ ጣቱን አስጠጋ። የተማም ቁስል ልክ ነው። ድገም አለው። ሙመድ ሲደግም የመዶሻው ራስ ከእጀታው ወልቆ፣ በጆሮው አጠገብ አፏጭቶ አጥሩን ደበደበው። ሙመድ ተሳደበ። በሺር ግን እጀታውን አንስቶ ብዙ ጊዜ አየው። ትናንት ቅንጣት የማይነቃነቅ መዶሻ ነበር።

ከዚያ ማርቴሎውን፣ የፊተኛው ደም እንዳይደባለቅ ብረቱን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ አሰነዘረው። የፍየሉ ራስ ራስ መሆኑ ቀረ፤ ጆንያው ላይ ተለጠፈ። በሺር ይህ የጉልበት ነገር እንዳይሆን ብሎ በሌላ ራስ ላይ ከጉልበት ከፍታ ብቻ፣ ያለ ምንም ኃይል፣ በራሱ ክብደት እንዲወድቅ አደረገው። ያም ደቀቀ። ማርቴሎ ቢፈልግ እንኳ ትንሽ ቁስል መሥራት አይችልም። ተማምን የገደለው መካከለኛው መዶሻ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም ቀጭን ሰው በአንድ እጅ ያነሳዋል።

ሻለቃው ወደ ጓሮው ወርዶ ሽታውን ሸሸ። «እንግዲያው ጃማዕ በመካከለኛው መታው» አለ። «እጁ ያው እጅ ነው።»

«ታዲያ የራሱን ማርቴሎ ደም የቀባው ራሱን ሊያስይዝ ነው?»

«እሱን ሐረር ይጠይቁት።»

በሺር መዶሻዎቹን ጠቅልሎ ወደ ደቻቱ ሄደ። ተማም በወደቀበት ስፍራ ቆሞ የመቺው ክንድ የሚነሳበትን ያህል ሊለካ ፈልጎ ነበር። ሥራ ቤቱ ግን ተከፍቶ አገኘው። ምድጃው ነድዷል፤ ሰማታር በተዋሰው መዶሻ ብረት ይቀጠቅጣል። ካሚዮኖች ተደርድረዋል፣ ለቅሶ ተብሎ ጭነት አይቆምም አለ፣ ቀና ሳይል። በሺር ጆንያውን ፈታ። መካከለኛውን መዶሻ፣ ራሱን በኃይል መልሶ የሰካውን፣ መስፉ ላይ ሲያኖረው ሰማታር አየው። አነሳው። ነቀነቀው። ያ አንገቱን ደፍቶ የሚናገረው ሰው ድንገት ቀይ ሆነ።

«ይሄን ምን አደረጋችሁት?»

«ጣቢያ ነው ያደረው።»

«ደረቅ ቤት ውስጥ? በዚህ ሙቀት?» መዶሻውን ደረቱ ላይ ያዘው፤ የተጎዳ ሕፃን የታቀፈ ይመስል ነበር። «አንተ ራስህ የድሬ ልጅ አይደለህም? ቀኑን ሙሉ እሳት አጠገብ የዋለ እንጨት ይኮማተራል። ማታ ማታ ውሃ ውስጥ ካልቆመ እጀታው አያብጥም፤ ካላበጠ ራሱ ይወልቃል። ሰው ይገድላል ይሄ። ብረት ለማያውቅ ሰው ዕቃ ሲሰጡት እንዲህ ነው።»

በሺር ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሦስቱንም ነው የምትነክሩት?»

«ሦስቱንም። ማርቴሎው እንዲያውም ይብሳል፤ ይከብዳል፣ ቶሎ ይላላል።»

«ማን ነው የሚነክራቸው?»

«ማርቴሎውን ጃማዕ ነው። ሳይኖር እኔ።»

«ከትናንት በስቲያ ማታ ጃማዕ መልካ ጀብዱ ነበር።»

«እኔ ነከርኳቸው። አንድ ማታ አልፎኝ አያውቅም» አለ ሰማታር፣ አሁንም በሙያው ተቆጥቶ። «ሦስቱንም በእጄ አቁሜ ነው በሩ የተቆለፈው።»

በሺር ማርቴሎውን መስፉ ላይ ጋደም አደረገው። አንድ የብረት ቁራጭ አንስቶ እጀታውን ከቀዳዳው ገፋው፤ እንጨቱ ሳያስቸግር ወጣ። ብረቱን ወደ በሩ ብርሃን አዞረ። የቀዳዳው የውስጥ ግድግዳ ዙሪያውን በደረቀ ደም ጠቁሯል፤ ቀዳዳው ውስጥ የነበረው የእንጨቱ ጫፍም እንዲሁ።

«ውሃ ጠጥቶ ያበጠ እጀታና ብረቱ መካከል ደም ይገባል?» ሲል ጠየቀው።

«ፀጉርም አይገባ» አለ ሰማታር። ሙያው ቀድሞ መለሰ። ከዚያ አየ። ከዚያ ፊቱ አመድ ሆነ።

በሺር ንዴቱን አሁን አልደበቀውም። አንድ በአንድ ነገረው። ጃማዕ ጠዋት ገድሎ ቢሆን ኖሮ ማርቴሎውን የሚያወጣው ከውሃ ነው፤ ያበጠ፣ የጠበቀ፣ ጠብታ የማያስገባ። ይሄኛው ግን ደሙ ገና እርጥብ ሳለ ላልቶ ነበር፤ ያን ማታ ውሃ አልነካውም። ተማም የሞተው ሥራ ሲቆም፣ መዶሻዎቹ ሳይነከሩ ነው። የመታው ሰው መካከለኛውን እንደ ልማዱ ከትንሹ ጋር ውሃ ውስጥ አቆመው፤ ታጠበለትም። ማርቴሎውን ግን ደሙ ውስጥ ነክሮ ከሬሳው ጎን ስላስተኛው ወደ በርሜሉ ሊመልሰው አልቻለም። አጎቴ ራቱን በላ፣ ሱብሒ ሰገደ ያለው ሰው ከሬሳ ጋር ራት በልቷል።

ሰማታር መዶሻውን ከደረቱ ሳያወርድ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሲናገር አብዛኛውን ለብረቱ የሚነግር ይመስል ነበር። በዚህ ቤት ትንሹን መዶሻ የያዘ ጌታ ነው። ትንሹ ጠቁሞ ይነካል፤ ማርቴሎው በነካበት ይወርዳል። ትንሹ ዝም ሲል ሁሉም ዝም ይላል። ሰማታር ጥርሱ ሳይነቀል ወናፍ ነፍቷል፣ ከሰል ተሸክሟል፣ አንድ ቀን ትንሹ መዶሻ የእሱ እንደሚሆን ተጠራጥሮ አያውቅም። በዚያ ቀትር ግን አጎቱ ጃማዕን ጠርቶ፣ ከቅዳሜ ጀምሮ ትንሹን አንተ ትይዛለህ ሲለው ሰማ። የቀረውን ለመስማት አልቆመም፤ ወጥቶ ሄደ። ማታ፣ ጃማዕ በሌለበት፣ ለምን ብሎ ጠየቀ።

«ደም መዶሻ አይዝም አለኝ። እጅ ነው የሚይዘው አለኝ። ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ከሰሉን እየቆሰቆሰ።»

«ጃማዕስ ምን አደረገህ?»

«ማርቴሎው የሱ ነው» አለ ሰማታር። «ትንሹን ሊወስድ የፈለገ በትልቁ ይጠየቅ ብዬ።»

በሺር እጁን አስሮ በመጋላ መካከል ሲወስደው ቢሻሮ ከማዶ አየች፤ ፊቷን አዞረች።

ጃማዕ ሲነገረው አልተደሰተም። ግድግዳውን ይዞ ቆመ፤ ሕመሙ ፊቱን ጨመደደው።

«ለምን እንደጮህኩ አሁን ልንገርህ» አለ በሶማልኛ። «መዶሻውን አልወስድም ብዬ ነው። የሰማታር ነው፣ ለሱ ስጠው ብዬ ነው ሽማግሌው ላይ የጮህኩት። እስኪሰማኝ ቢቆም ምን ነበረ?»

በሺር ክንዱን ደግፎ ወደ ሻለቃው ክፍል ወሰደው።

ሻለቃው ደስ ብሎት ነበር። መዝገቡ ተዘግቷል፣ ገዳዩ አምኗል፣ ሐረር የሚጠይቀው ነገር የለም። አንድ ወረቀት በጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገ፤ ጃማዕ የጣት አሻራውን ያኖርና ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሃምሳ አለቃ ሙመድ የቀለም ሙዳዩን ከፍቶ ቆሟል። በሺር ወረቀቱን አንስቶ አነበበው። በእስር ሳለሁ ማንም እጁን አላነሳብኝም፣ በመልካም ተይዣለሁ ይላል። ለጃማዕ ቃል በቃል በሶማልኛ ተረጎመለት። ጃማዕ ወደ እግሩ አየ፤ ከዚያ ወደ ሙመድ።

«ካላተመስ?» አለ በሺር።

«እስኪያትም ይቀመጣላ» አለ ሻለቃው።

በሺር ወረቀቱን ገለበጠው። ጀርባው ባዶ ነው። ከሻለቃው ጠረጴዛ ላይ ብዕር አነሳ፤ ወንበር ስቦ ጃማዕን አስቀመጠው፤ ራሱ ቆሞ ቀረ።

«መቶ አለቃ» አለ ሻለቃው፣ ድምፁን ሳይጨምር። «ይሄ ምን እንደሚያመጣብህ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ ጌታዬ።» በሺር ወደ ጃማዕ ዞረ። «ማን ነው የገረፈህ?»

ጃማዕ «ብናገር ነገ አንተ እዚህ ትኖራለህ?» ሲል ጠየቀው።

«የነገውን አላውቅም። ዛሬ አለሁ።»

ሙመድ የቀለም ሙዳዩን ከደነ። ጃማዕ እስካሁን ከበሺር ጋር ሲነጋገር የቆየው በሶማልኛ ነበር፤ አሁን ሻለቃው እንዲሰማው ብሎ በአማርኛ ጀመረ።

«ሃምሳ አለቃ ሙመድ ነው» አለ። «አብረውት ሁለት ነበሩ። የነሱንም ስም አውቃለሁ።»

በሺር መጻፍ ጀመረ።